ቴሮይን ዚፔ ላይ አንጠልጥዬ

አንቺዬ፣ ቁጭ በይና ልንገርሽ፤ ግን እንዳትስቂብኝ። ብቻሽን የምትኖሪ ከሆነ ታውቂዋለሽ፣ ከጀርባ የሚዘጋ ልብስ ጠላት ነው። ልጆቼ አግብተው ሴቡ ከተማ ከገቡ ወዲህ ዚፔን የሚዘጋልኝ የለም።

የማኅበራችን አዲሱ ቀሚስ ደግሞ ዚፑ ከጀርባ ነው። በበዓሉ ቀን የእመቤታችንን ሰንደቅ የመያዝ ተራው የእኔ ነበር። ስንት ዘመን የጠበቅኩት ተራ! ደወሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሳይደወል ካልደረስኩ ለሌላ ይሰጣል። ዚፑ ወገቤ ላይ ደርሶ እምቢ አለ። አንደኛው ደወል ተደወለ።

ጀርባዬን በፎጣ ሸፍኜ ጎረቤት ሮጥኩ። ፓስኩዋላ ጓሮ አሳማዋን ታበላለች፤ በረንዳው ላይ ያለው ባሏ ቴሮይ ብቻ ነው። ዓሣ ማጥመዱን በእርጅና የተወ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ቆይቷል፤ አባቱ በልጅነቱ አንገቱ ላይ ያሰረለትን ክታብ ግን ሲተኛም አያወልቅም። በእኛ ሰፈር ትልቅ ወንድን «ኖይ»፣ እንደ እኔ ያለችውን ትልቅ ሴት ደግሞ «ናንግ» እንላለን።

«ኖይ ቴሮይ፣ በማርያም፣ ይቺን ዚፕ ሳብልኝ።»

«ኧረ ናንግ ኡርሲ! የሰው ሚስት ጀርባ አላይም!»

«የማን ሚስት? ባሌን ከቀበርነው ስንት ጊዜው! ዓይንህን ጨፍነህ ሳብ!»

ጨፍኖ ሳበ። ዚፑ ሽው ብሎ ወጣ። የክታቡ ክር አብሮ ገባበትና የቴሮይ አፍንጫ ማጅራቴ ላይ ተለጠፈ። ዚፑ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ።

«ክሩን ልቁረጠው» አልኩ።

«አንገቴን ቁረጪ! ይሄ ከተቆረጠ ባሕር ይበላኛል።»

«ማጥመድ ትተህ የለም እንዴ?»

«እኔ ተውኩ እንጂ ባሕሩ መቼ ተወ!»

በጭንቅላቱ እንዳናወጣው፣ ክሩ የታሰረው ጭንቅላቱ እንዲህ ሳያብጥ ነው። ሁለተኛው ደወል ተደወለ። ጩኸታችንን ሰምታ ፓስኩዋላ የኮኮናት ዘይት ጠርሙስ ይዛ መጣች። እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ ጠርሙሱን ብብቷ ስር ከተተችው።

«ምን ትገተሪያለሽ፣ አፍስሺበት እንጂ!» አላት ባሏ።

«ቆይማ። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስልህ እግሬን አመመኝ የምትለው አንተ አይደለህ?»

«ፓስኩዋላ!»

«ዘይቱ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ናንግ ኡርሲ፣ አንቺ ሂጂ፤ ይከተልሻል።»

ምን ላድርግ፣ ሰንደቁ ሊያመልጠኝ ነው! ሄድኩ። ቴሮይ እንደ ጥጃ ከኋላዬ ተጎተተ፤ ፓስኩዋላ ጃንጥላ ዘርግታ ከለለችን። ሰንደቁን ጨብጬ ሳነሳ ሦስተኛው ደወል ጮኸ። ተመስገን! ቅዳሴ ላይ ስነሳ ይነሳል፣ ስንበረከክ ይንበረከካል። ስብከቱ መሃል ማጅራቴ ላይ እያንኮራፋ ተኛ። አባ ግን እንባ አቅርረው «ኖይ ቴሮይን የመለሰልን አምላክ ይክበር» አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ በዘይቱ ተላቀቅን። ክታቡ ደህና ነው። ቀሚሴን ግን ስንቴ ባጥበው ጉንዳን አልለቀው አለ። አሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፓስኩዋላ በአጥር ብቅ ትልና «ነገ የትኛውን ቀሚስ ነው የምትለብሺው?» ትለኛለች።

እባክሽ እህቴ፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ካወቅሽ ላኪልኝ። ለፓስኩዋላ ግን እንዳትነግሪብኝ።