ተኝቷል የተባለው ድንኳን

ጸጋ ስትናገር ትጥማለች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የልማት ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች። ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ የሚጀምረው መንደር የእድሩ ጸሐፊ አድርጎ የመረጣት የተማረች ናት ብሎ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ብድግ ብላ የእድሩን ድንኳን ከሰሰችው።

«ሰው ካልሞተ ተጠቅልሎ ይተኛል» አለች። «ይሄ የተኛ ሀብት ነው። አገር የሚደኸየው ሀብቱ ሲተኛ ነው። ለሠርግ እናከራየው!»

ነገሩን ያገኘችው ከመጽሐፍ ነው። ደራሲዎቹ እንደ እኛ ያለውን አገር ከሩቅ እያዩ የጎደለውን የዘረዘሩ ሰዎች ናቸው፤ እድር የሚባል ነገር አልገጠማቸውም። ጸጋ ግን አባቷ ሲሞቱ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ አልቅሳለች። ይህን እያወቀች መጽሐፉን አመነች። አባላቱም አጨበጨቡላት።

ነሐሴ ላይ እድሩ ያለው አንድ ድንኳን ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሄደ። የተከራዩት አቶ ጠሀ የሚባሉ ባለሱቅ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ። በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። የጸጋ ጎረቤት ጋሽ በዳዳ አርፈዋል።

ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። ለቀስተኛው በየጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጣብቆ ቆመ። የሟች ባለቤት እትዬ አባይነሽ ከደጃፋቸው ብቅ ብለው «ድንኳኑስ?» አሉ። ሁሉም ጸጋን አያት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጃንጥላ እንኳ ሳትይዝ ታክሲ ውስጥ ገባች። አቶ ጠሀ ቢያባርሯት መብታቸው ነው፤ ውል የማይከበርበት አገር አያድግም እያለች የምታስተምረው ራሷ ናት። ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ወንበር ይደረደራል።

«አቶ ጠሀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጎረቤታችን አርፈው፣ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ...» መጨረስ አቅቷት አለቀሰች።

ሰውየው ድንኳኑን ቀና ብለው አዩ። «ታዲያ እነሱ ዝናብ እየመታቸው እኔ እዚህ ልደግስ ነው? ሰልማ! ሠርግሽ የጋራ አዳራሹ ውስጥ ሆኗል!»

ሙሽራዋ ሂና የተቀባ እጇን ወደ ላይ ይዛ ብቅ አለች። «አዳራሹ ይጠበናል እኮ፣ አባዬ!»

«እንጠጋጋለና።»

ሰልማ የጸጋን እርጥብ ፊት አየች። ከዚያ ወደ ወንድሞቿ ዞረች። «ምን ትገተራላችሁ? ንቀሉት!»

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ እነ ጋሽ በዳዳ ደጅ ተተከለ። ይዘውት የመጡት የሙሽራዋ ወንድሞችም ወዲያው አልሄዱም፤ ጫማቸውን ጭቃ እንደነካው ገብተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ።

«አንቺ ነሽ አሉ ያመጣሽው። እግዜር ይስጥሽ» አሉ እትዬ አባይነሽ።

«የሰደድኩትም እኔ ነኝ፣ እትዬ። ተኝቷል ብዬ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምን ያቆምሻል? ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ እየሰማች አፈረችም፣ ደስ አላትም። ድንኳኑ ተጠቅልሎም ሥራ ላይ ነበር፤ መንደሩ ሞት ቢመጣ ብቻዬን አይደለሁም ብሎ የሚያድረው እሱን ይዞ ነው።

በሳምንቱ ክፍል ገብታ መጽሐፉን ገለጠችና ስለ ተኛ ሀብት የሚያወራውን ምዕራፍ ለተማሪዎቿ አነበበችላቸው። ከዚያም «ከየሰፈራችሁ ተኝቷል የሚባል ነገር ጥቀሱልኝ» አለች። «ማንን እንደሚጠብቅም ንገሩኝ። ይሄ መጽሐፍ የሚጎድለውን ምዕራፍ እኛ እንጽፈዋለን።»

መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ፤ ወዲያው ሌላ፣ ከዚያ የኋላው ወንበር በሙሉ።

ድንኳኑ ያን ሰዓት ደርቆ፣ ተጠቅልሎ፣ እድሩ ቤት ገብቷል።