ጆሮ የሌለው ቁጥር

ሙጂብ ከተቀበረ ሰባት ወሩ ነው፤ ዘፈኑ ግን በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ ይደመጣል። ይህን የማውቀው የዩቲዩብ ቻናሉ በእጄ ስላለ ነው። ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ዘፈን በሚሞሪ እጭናለሁ፤ ቻናሉን የከፈትኩለትም እኔ ከማል ነኝ። አድማጮቹ እነማን እንደሆኑ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሙጂብ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እየነዳ ሲያዜም ተሳፋሪው መውረጃውን ረስቶ ያልፋል። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ አድርጎ ለአንዲት የጨፋ ሮቢት ልጅ ያወጣውን ዘፈን በስልኬ ቀርጬ ለቀቅሁለት። በወሩ አራት መቶ ሰው አየው። ጠዋት ጠዋት ባጃጁን ሱቄ በር ላይ አቁሞ "ስንት ደረሰ?" ይለኛል፤ ስነግረው ፊቱ ይከስማል። እኔን ደግሞ ያናድደኝ ነበር። ከሚሴ ውስጥ ያንን ዘፈን የማያንጎራጉር ማን አለ? ግን የእኛ ሰው ለዘፈን ብሎ ዳታ አይከፍትም። አንዱ እኔ ዘንድ መጥቶ በሚሞሪ ያስጭናል፣ ሌላው ከእሱ ስልክ ይወስዳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰንበቴ ገበያ ይደርሳል። ያ ሁሉ ጆሮ የትም አይመዘገብም። እንግዲህ ያልተቆጠረውን እኔ ብቆጥርለት ምን ኃጢአት አለው አልኩ።

ባለቤቶቻቸው ለጥገና ሰጥተውኝ በዚያው የቀሩ ስድስት ስልኮች ነበሩኝ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ዛሬ ማንም የማይዘው አሮጌ ሞዴል። ከባንኮኒው ሥር ባለው መሳቢያ ደረደርኳቸው፣ ቻርጀር ሰካሁላቸው፣ ድምፃቸውን ዘግቼ ዘፈኑን ሌት ተቀን እንዲደጋግሙ አደረግሁ። እንዳይነቃብኝ ስንቱን ዘዴ ተማርኩ። ቁጥሩ ወጣ። ሙጂብም አንገቱን ቀና አደረገ፤ ሰውም "የኛ ዘፋኝ" ይለው ጀመር። ቁጥሩን ያየ አንድ አሳታሚ ከአዲስ አበባ ደወለለት። "መቶ ዘጠና ሺህ ሰው እየጠበቀኝ ነው" ብሎኝ ሚኒባስ ተሳፈረ። መኪናው ሰንበቴን እንዳለፈ ተገለበጠ።

ከቀብር ስመለስ ስልኮቹን ላጠፋ መሳቢያውን ሳብኩ። ስድስት ሙጂብ፣ ነጭ ኮፍያውን እንዳደረገ፣ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ያለድምፅ ይዘፍናል። እጄ እምቢ አለኝ። የማጠፋው እሱን መሰለኝና መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ ስሠራ ጉልበቴ መሳቢያውን ሲነካ እንደ ላም ጎን ይሞቀኛል። ድምፁ ተዘግቶም ይሰማኛል። አንድ ቀን የደንበኛ ወሬ አቋርጬ "ማነው የሚዘፍነው?" አልኩ። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ስልኩን ይዞ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የሙጂብ እናት አዴ አሻ መጡ። ለቅሶ ቤት አንዷ፣ ዘፈኑ በተደመጠ ቁጥር በሟቹ ላይ ኃጢአት ሆኖ ይጻፍበታል ብላቸዋለች። ሼኹ ዱዓ ያድርጉለት ይበቃዋል ቢሏቸውም ልባቸው አልረጋም። ላጥፋው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ፊቱ የቀረው እዚያ ብቻ ነው፣ ተወው አሉኝ። ይልቅስ ለተደመጠው ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የምሕረት ልመና፣ አስተግፊሩላህ፣ በእሱ ፋንታ ሊሉለት ቆርጠዋል። የመጡት ቁጥሩን ሊጠይቁ ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘው ወጡ።

በየጁምዓው ይመጣሉ። በቀን ሺህ ይቆጥራሉ፤ ስልኮቼ ሁለት ሺህ ይጨምራሉ። ልደርስበት አልቻልኩም ልጄ፣ ይቀድመኛል ይሉኛል፤ እኔም ጉልበቴን ከመሳቢያው አርቄ አዳምጣቸዋለሁ። ስንቴ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ብናገር ልጃቸውን መንገድ ላይ ያወጣው ቁጥር የማን ሥራ እንደሆነ መናገሬ ነው። ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

የዛሬ ሳምንት ጁምዓ ግን ሴት ልጃቸውን ረቢአን አስከትለው መጡ። አውራ ጣታቸው ቆስሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቁጥሩ ስድስት መቶ አስር ሺህ ደርሷል፤ እሳቸው ገና መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ሺህ ላይ ናቸው። ዕድሜዬ አይበቃውም፣ የቀረውን ረቢአ ትቀበለኛለች አሉ። ረቢአ ሃያ ዓመቷ ነው። አንገቷን ደፍታ መቁጠሪያውን ከእናቷ እጅ ስትቀበል አላስቻለኝም። መሳቢያውን ሳብኩት።

ሁሉን ነገርኳቸው፤ ስልኮቹንም፣ አሳታሚውንም፣ ከቀብር በኋላ ማጥፋት እንዳቃተኝም። ቻናሉ ከየትኛው ዓይነት ስልክ ስንት ጊዜ እንደተደመጠ ለይቶ ያሳየኛል፤ የስድስቱን ስቀንስ የቀረውን ቀደም ብዬ አስልቼዋለሁ።

"በእውነት የተደመጠው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ጊዜ ነው" አልኳቸው። "በሚሞሪ የተሰማው ቢጨመርበት እንኳ እርስዎ የቆጠሩት ይበልጣል። ጨርሰዋል፣ አዴ አሻ።"

ረቢአ አለቀሰች። እኔ እርግማን ስጠብቅ አዴ አሻ ወደ መሳቢያው ጎንበስ አሉ። "ኢልመ ኮ፣ ልጄ" እያሉ በሻርፓቸው ጫፍ የአንዱን ስልክ አቧራ ጠረጉ። ከዚያ አንዱን ትተው ሌላውን፣ ስድስቱንም ጠረጉ።

"እሱ ያውቅ ነበር?" አሉኝ።

"አያውቅም።"

"ስድስቱ ስልኮች ያጫወቱትን ማንም ጆሮ አልሰማውም?"

ማንም አልሰማውም አልኩ። ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ጆሮ ያልሰማው አይጻፍበትም። እንግዲያው አታጥፋው።"

በደንብ ያልገባቸው መስሎኝ መጨረሳቸውን ደግሜ ነገርኳቸው። ቁጥሩ ውሸት መሆኑንም ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ ሰው እንዳይሰማኝ እንኳ ሳልፈራ።

"ገብቶኛል" አሉ። "ከማለዳው ሱብሒ እስከ ምሽቱ መግሪብ ለሙጂብ፣ ለሙጂብ እያልኩ ነው የምውለው። ነገ ስነሳ ጨርሻለሁ ብዬ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ሞተ ያሉኝ ቀን እንኳ እንዲህ ባዶ አልሆንኩም።"

መቁጠሪያውን ከረቢአ እጅ መልሰው ወሰዱና ወጡ። ረቢአ በሩ ላይ ዞራ አየችኝ፤ እንዲያው ምነው ባልተናገርክ የምትል ትመስል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ጎረቤት ጀነሬተር ልለምን እሮጣለሁ። አፌን የከፈትኩት ይቅር እንድባል ነበር። አዴ አሻ ይቅር አላሉኝም፣ አልረገሙኝምም፤ ልጃቸውን አደራ ሰጡኝ።