በፍቃዱ ለሚስቱ የተወው የይለፍ ቃል

በፍቃዱ ባልቻ ጠንቃቃ ሰው ነው። ብስክሌቱን በሁለት ሰንሰለት ያስራል፤ ሻይ ቤት ሲገባ ጃንጥላውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ነው የሚጠጣው። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያገለገለ ዕቃ የገዛ አይከስርም ብላ ነበር ኤልቤቴል። አልተሳሳተችም፤ ኮምፒውተሩ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ችግሩ የሰውዬው ጥንቃቄም አብሮ መሸጡ ነበር።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው፤ ግንቦት። በፍቃዱ ለሕዝብ ቆጠራው ተቆጣጣሪ ሆኖ ተመልምሎ ወደ ደቡብ ኦሞ ሊሄድ ጨለለቅቱ በሚገኘው ቤቱ ደጃፍ መኪና እየጠበቀው ነበር። ሬኮ በሚባል ቀበሌ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሒሳብ ሠራተኛ ሳለ የገዛውን ኮምፒውተር ለኤልቤቴል ከፍቶ አሳያት፤ ስሟን በአማርኛ ጻፈች፤ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከዚያ ዘጋውና በብርድ ልብስ ጠቀለለው።

«ዲላ ስትከፍቺው ፓስዎርድ ይጠይቅሻል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ንገረኛ።»

በፍቃዱ ዕቃውን የሚጭኑትን ሰዎች በዓይኑ ጠቆማት። «እዚህ ጆሮ በዝቷል። አሰፋች ታውቀዋለች፤ ባለቤቴን ጠይቂያት» ብሎ መኪናው ላይ ዘለለ። ከጂንካ ወዲያ ስልክ እንደሌለ እሱም፣ እሷም፣ ሾፌሩም ያውቃሉ።

ኤልቤቴል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስትቀጠቅጥ የኖረች ሴት ናት። አለቃዋ የጻፈችውን ሁሉ አንድ ቃል እየለወጠ እንደገና የሚያስጽፋት ሰው ነበር፤ ይህን ዘጠኝ ዓመት መቻል ቀላል ነገር አይደለም። በመጨረሻ በቃኝ ብላ ወጣች፤ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ፕሪንተር ገዝታ «የኮምፒውተር ጽሕፈት» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። ዘመዶቿ አበደች አሉ። እሷ ግን ገና በሩን ሳትከፍት አንድ ትልቅ ሥራ አግኝታለች፤ የመዘምራን መሪው እንድርያስ በእሑዱ ጉባኤ የሚታደለውን የመዝሙር ጥራዝ እንድትጽፍ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች ሰጥቷታል። ጥራዙ አምሮ ከወጣ የየአጥቢያው መዘምራን ደንበኞቿ ይሆናሉ። ካልወጣ ግን ያንኑ አለቃ ተመልሳ ደጅ ልትጠና ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሰካችው። ነጭ ሳጥን ብቅ ብሎ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ጨለለቅቱ ወደሚገኝ ስልክ ያለው ሱቅ ደውላ አሰፋችን አስጠራቻት።

«አሰፋቼ፣ እንደምን አደርሽ? በፍቃዱ ፓስዎርዱን አንቺን ጠይቂ ብሎኝ ነበር።»

«እሱን እንኳ አልልም» አለች አሰፋች።

«ሰው አለ እንዴ አጠገብሽ?»

«ሰው የለም። ብቻዬን ሆኜም አልልም።»

«ረስተሽው ነው?»

«ኧረ እንዴት እረሳዋለሁ። አውቀዋለሁ። ግን አልልም። ይልቅ ነይ፣ ጎመንና አይብ አለ፤ እንጫወት» ብላ ዘጋችው።

ኤልቤቴል ስልኩን ይዛ ቀረች። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ በመሸጡ ከፍቷት ይሆን? ወይስ ባሏ ሳይመጣ ምንም አልናገርም ብላ ነው? ወደ ጎረቤቷ ወደ ፈድሉ ሄደች።

ፈድሉ ሬዲዮም፣ ቴሌቪዥንም፣ ኮምፒውተርም ይጠግናል፤ እየጠገነ ሰው መተረብ ደግሞ ዋና ሥራው ነው። መጥቶ ተቀመጠና ጣቶቹን አንቋቋ። የበፍቃዱን ስም መታ፤ እንቢ። የአሰፋችን መታ፤ እንቢ። የልጃቸውን፣ የሬኮን፣ የቡናን፣ የአባቱን የባልቻን ሞከረ፤ ሁሉንም እንቢ። «እናንተ ጴንጤዎች ምን ትወዳላችሁ?» ብሎ «ሃሌሉያ» ሞከረ፤ ኮምፒውተሩ ሃሌሉያንም አልተቀበለም። በጓሮ በር ልግባ ብሎ ሲታገል ቆየ፤ ጠንቃቃው በፍቃዱ እሱንም ቆልፎታል።

«ፎርማት ላድርገውና እንገላገል» አለ ላቡን እየጠረገ። «ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም።»

«አማርኛውስ?»

«እሱማ ይጠፋል። ያ መጻፊያ አዲስ አበባ ሄዶ ያስጫነው ነው፤ ሲዲው ዲላ ውስጥ የለም። እንግሊዝኛ ግን እንደ ልብሽ ትጽፊያለሽ።»

«በእንግሊዝኛ ማን ሊዘምርልኝ?» አለችና ከወንበሩ አስነሣችው።

ከሰዓት በኋላ እንድርያስ ጎራ አለ። ትሑት ሰው ነው፤ ነገር ሲከብደው እጁን ያሻሻል። እያሻሸ «እህቴ፣ እስከ ነገ አሥር ሰዓት ካልተጀመረ ወረቀቶቹን ወስጄ ለሌላ ልሰጥ ነው እንግዲህ» አለ። ኤልቤቴል «ይጀመራል» አለችው፤ በምን እንደሚጀመር ግን ራሷም አታውቅም።

ረቡዕ በማለዳ የክፍሏን ቁልፍ ለፈድሉ ትታ ሚኒባስ ተሳፈረች። ይርጋጨፌ ላይ ሾፌሩ ቁርስ ልብላ ብሎ ወርዶ፣ ቁርሱን እንደ ምሳ ረጋ ብሎ በላ። ጨለለቅቱ ስትደርስ በንዴት ጦፋ ነበር፤ አሰፋችን ስታይ ግን ንዴቷ በረደ። ሴትዮዋ ደጅ ቆማ እየጠበቀቻት ነው፤ አቅፋ ሳመቻት፤ ቆጮውን፣ ጎመኑንና አይቡን አቀረበች።

«ጠልተሽኝ ነው?» አለች ኤልቤቴል ገና አንድ ጉርሻ ሳትውጥ።

«እኔ? በሞትኩት። ይኸውልሽ ትናንት ስልኩን ዘግቼ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ። ያቺ ልጅ እዚያ ከተማ ብቻዋን ምን ይውጣታል እያልኩ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«አፌ አይለውማ።»

«ጻፊልኝ።»

«እጄስ የማን ነው? ያው የእኔ አይደል?» አሰፋች የምሯን ነበር። «ያ ከተማ የተማረ ሰው የሞላበት ስለሆነ እናንተ ይሄን ትታችሁታል መሰለኝ።»

ኤልቤቴል መጉረሷን ተወች። ሴትዮዋ ዲላን አንዴም በስሟ አልጠራቻትም፤ እዚያ ከተማ፣ ያ ከተማ ነው የምትለው። የኤልቤቴል አያትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በድሮው የጌዴኦ ወግ የሚኖር ቤት ውስጥ ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን እንደ ስማቸው የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፤ ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። ኤልቤቴል ከተማ አድጋ ይህን ነገር ከነጭራሹ ዘንግታው ኖራለች። አሁን ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጥ አደረገችው።

«የአማትሽ ስም ነው?» አለች ቀስ ብላ።

አሰፋች በሩን አየት አድርጋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ባልቻን እኮ ሞክረነዋል።»

«ወንዱን ተዪው።»

«የእናቱ ነው እንዴ?»

አሰፋች አዎንም አይደለምንም አላለችም። ብቻ እንዲህ አለች፤ «በፍቃዱ ይሄን ነገር ሲያደርግ በሳቅ ሞቶ ነበር። አሰፋች፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን ቢገርፉሽ አትናገሪም፤ ከዚህ የበለጠ ቁልፍ ከየት ይመጣል አለኝ።»

ጠንቃቃው በፍቃዱ ለሚስቱ ሲተውላት ግን ይህንኑ ረስቶት ሄዷል። የሰው ጥንቃቄ አንዳንዴ ልክ ሲያጣ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱንም ውጭ ያሳድራል።

የእናቱን ስም ለማግኘት ኤልቤቴል ጎረቤት ብትጠይቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የበፍቃዱ እናት ነው የሚላቸው። ባለሱቁም የበፍቃዱ እናት አለ። አማራጭ አልነበራትም፤ ራሳቸውን ልትጠይቅ ወደ ጓሮ ዞረች።

ሴትዮዋ እንሰት እየፋቁ ነበር። አንድ እግራቸውን እንጨቱ ላይ ደግፈው ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ፤ እስኪጨርሱም ቀና አላሉም። ኤልቤቴል ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ በጌዴኦኛ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር አወቁት፤ ልጃቸው ፊቱ ተቀምጦ ሲያፈጥበት አይተዋል።

«ስሜን ምን አደረገው ነው የምትዪኝ?»

«ቁልፍ አደረገው፣ እማማ። በከፈተው ቁጥር ስምዎን ይጽፋል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

መፋቂያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ የለም» አሉ። «እሱም ሲቆጣ ብቻ ነበር የሚጠራኝ።» ሳቁ። ዓይናቸው ግን እርጥብ ብሎ ነበር፤ ኤልቤቴል መሬት መሬት አየች። ደስ የሚል ሐዘን ነው የተሰማት፤ እንደዚህ ያለ ነገር ልስማ ብላ አልነበረም ከዲላ የተነሣችው።

«ዲምቱ ነው» አሉ በመጨረሻ። ቃሉን ጮክ አላደረጉትም፤ እንደሚሠራ እንደማይሠራ የሚሞክሩት ነበር የሚመስለው።

ኤልቤቴል አመስግና ልትሮጥ ስትል ቀሚሷን ያዙ። «ወዴት ነው? ስሜ እኔን ጥሎ የትም አይሄድም። እጄን ልታጠብ።»

መታጠብ ብቻ አልነበረም። ቀሚስ መቀየር አለ፤ የደህናውን ጫማ አንዱን እግር መፈለግ አለ። አማቷን ብቻቸውን የምትልክ ምራት የለችምና አሰፋችም መልበስ አለባት። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆመ። ሲሞላ ጎማው ተነፈሰ። ኤልቤቴል ከመስኮቱ ወደ ፀሐይዋ ቀና እያለች እንድርያስ እጁን እያሻሸ በሯ ላይ ሲቆም ይታያታል። እማማ ግን ወደ ውጭ እያዩ «ያ የማን ቡና ነው? ያን ዛፍ ለምን አልገረዙትም?» እያሉ መንገዱን በሙሉ ሲገመግሙ ነበር።

ዲላ ሲደርሱ እንድርያስ ወረቀቶቹን በብብቱ ይዞ ከክፍሏ እየወጣ ነው። ፈድሉ ደግሞ እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘግቶበታል። «ትንሽ ጠብቅ ስልህ። ልጅቷ ትመጣለች ስልህ።» ተራቢው ፈድሉ እንዲህ ሲለምን ኤልቤቴል አይታ አታውቅም፤ በኋላ እንኳ ባታነሣበትም በልቧ አስቀመጠችው።

«አንድ ደቂቃ፣ ወንድሜ እንድርያስ» ብላ ኮምፒውተሩን አበራች። ነጩ ሳጥን መጣ። ፈድሉ አጎንብሶ «ምን ልምታ?» አለ።

ኤልቤቴል ወደ እማማ ዞረች። እማማ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ዲምቱ በለው» አሉ። አሰፋች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፈድሉ መታ። ሳጥኑ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣብ ተደረደረ።

«ስሜ ይሄ ነው?» አሉ እማማ ቅር ብሏቸው።

«ማሽኑ ፓስዎርድ አያሳይም፣ እናቴ» አለ ፈድሉ። «ይሸፍነዋል። ሰው ፊት አያወጣውም።»

አሰፋች ከግድግዳው ዞር ብላ ነጠብጣቡን አየችው። «እሱም ምራት ነው» አለች። ፈድሉ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር፤ እንድርያስ እንኳ እጁን ማሻሸቱን ትቶ ሳቀ። በሳቁ መሐል ኮምፒውተሩ ተንጫጫና ተከፈተ። የአማርኛው መጻፊያ በቦታው አለ።

እንድርያስ ወረቀቶቹን ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሪ» አለ። «እሑድ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ኤልቤቴል ግን ከመጀመሪያው መዝሙር አልጀመረችም። ባዶ ገጽ ከፈተች፤ ፊደሉን አሳድጋ አንድ ቃል ጻፈች፤ ነጠብጣብ ሳይሆን ቃሉን ራሱን። ፕሪንተሩ እያጓራ ወረቀቱን አወጣው። ቤቱ ያወጣው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው፤ ወስዳ ለእማማ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

እማማ ማንበብ አያውቁም። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ በጣታቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ለደረሰችው ለምራታቸው ሰጧት። «ምን ይላል?»

አሰፋች ወረቀቱን ተቀበለች። አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቆመ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሷን ያያል፤ ኤልቤቴል ወረቀቱን እኔ ላንብብልሽ ልትል ቃጥቷት ተወችው።

«እርስዎን ነው የሚለው፣ እማማ» አለች አሰፋች።

እማማ ወረቀቱን ተቀብለው በጥንቃቄ አጠፉት። «አዎ» አሉ፤ «እኔን ነው።»