ከፈተናው በኋላ ይነገራት

ዮፍታሔ ኔትወርክ ሲያስተምር ቁጣ ቁጣ ይለዋል። «ከስር ጀምሪ!» ይላል ጣቱን እያወዛወዘ። «መስመር ተቋረጠ ሲሉሽ ላይ ላዩን አትንጠልጠይ። መጀመሪያ ገመዱ ተሰክቷል ወይ? መብራቱ በርቷል ወይ? ከዚያ አድራሻው፣ ከዚያ ሌላው።» ሮሃም ምግብ ቤቱ ጭር ሲል ሁለት አሮጌ ራውተሮችና ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ አንድ ስዊች ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና ገመድ ስትነቅል ስትሰካ ትውላለች።

ካምፓላ ከመጣች ወዲህ የምትኖረው ኪሱጉ፣ ሒሳብ በምትቀበልበት ምግብ ቤት ባለቤት በእትዬ አስካለማርያም ቤት ነው። ዮፍታሔ ደግሞ ኮሎሎ ያለ የአንድ ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ ምሳውን እነሱ ዘንድ ይበላል። የጀማሪዎቹን ፈተና አልፋ የምስክር ወረቀቱን ከያዘች እሱ ዘንድ ሥራ አለላት። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቷ ታደለች ይህን ከሰማች ጀምሮ በየእሑዱ «ኮምፒውተሩን ቻልሽው ወይ ልጄ?» ማለት ብቻ ሆነ ሥራዋ።

አንድ ረፋድ የሮሃ ወንድም ዓቢይ ለእትዬ አስካለማርያም ደወለ። ታደለች ወፍጮ ቤት ደርሳ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ወድቃ በዚያው ቀርታለች።

እትዬ አስካለማርያም እንባቸውን ጠርገው ዮፍታሔን ጓዳ አስገቡት። «ፈተናዋ ደርሷል። አሁን ብትሰማ መጽሐፉን ዳግም አታነሣውም። ትፈተንና በማግሥቱ ንጋት ላይ ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን።»

መርዶ እንደ ተራ ወሬ መንገድ ላይ አይወረወርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚነገረው። ዮፍታሔ ጥቂት ቀን ነው ብሎ ተስማማ፤ ዓቢይም እንዲደብቃት ተነገረው። መልካም ያሰበ ሰው የሚሠራውን ጥፋት ጠላትም አይሠራው።

እሑድ ሮሃ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የእማዬ ስልክ አይጠራም። ዓቢይን ስጠይቀው ሰፈር ኔትወርክ የለም፣ እኔ መሀል ከተማ ወጥቼ ነው የምደውልልሽ ይለኛል። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሌላ ሰው ቢዋሻት ላታምን ትችል ነበር። ኔትወርክ ግን የዮፍታሔ እንጀራ ነው። «የሰፈራችሁ ታወር ተበላሽቶ ይሆናል» አላት፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ። «መለዋወጫው እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል።» አመነችው። እሱም ምሳውን ሳይጨርስ ሒሳብ ከፍሎ ወጣ።

ቀኑ ቀረበ፤ ግን ሮሃ ሰብኔቲንግ ላይ፣ አንዱን ትልቅ ኔትወርክ ከፋፍሎ አድራሻ ማደሉ ላይ፣ ትደናገር ነበር። ዮፍታሔ ደግሞ የማይሽረው ደንብ አለው፤ የልምምዱን ፈተና ደጋግሞ ያላለፈ ዋናው ፊት አይቀርብም። ስለዚህ ቀኑን አራዘመው። ቆይቶ እንደገና አራዘመው።

«አንተ ሰው፣» አሉት እትዬ አስካለማርያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሬሳ ላይ እኮ ነው የምታስተምራት!»

«ብትወድቅስ? እናቷንም ፈተናውንም ልታጣ?»

የታደለች አርባ ደብረ ብርሃን ላይ ወጣ፤ ሮሃ ግን ከሠራተኞቹ ጋር እየሳቀች ድንች ትልጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሙንዮንዮ፣ ሐይቁ ዳር፣ የሐበሻ ሠርግ ነበር። ሮሃ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መሐል ገባች፤ እስክስታዋ ደግሞ የሚያስቀና ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እዚያ ከቆመው ሐበሻ እሷ ብቻ ነበረች የማታውቀው። ክብ ሠርተው አጨበጨቡላት። አንዲት ሴት ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ዮፍታሔም፣ እጄን ባጣጥፍ ትጠረጥራለች ብሎ አጨበጨበ። ያን ቀን ራሱን ጠላ።

በመጨረሻ የልምምዱን ፈተና አከታትላ አለፈችና ዋናውን ተቀመጠች። ዮፍታሔ የምትወደውን ሮሌክስ፣ ያንን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ይዞ ከፈተናው ሕንፃ በር ላይ ጠበቃት። ነገ ንጋት ላይ ሰዎቹ ኪሱጉ ይሰበሰባሉ። ዛሬን እንኳ ደስ ይበላት፣ ይህቺ አንዲት ቀን ትትረፋት ብሎ ነበር።

ሮሃ ዓይኗ አብጦ ወጣች። ወረቀቱን ሰጠችው። አልፋለች።

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አንድ ጥያቄ መጣ፣ ጋሼ። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ስዊች ላይ ናቸው። አንዱ ይመልሳል፣ አንዱ ዝም ይላል። ጥፋቱን የት ትፈልጋለህ ይላል።»

ዮፍታሔ እጁ ላይ ያለው ሮሌክስ ከበደው።

«መስመሩ ላይ አይደለም፣ ዝም ያለው ጋ ነው ብዬ መለስኩ። እጄን ሳላነሣ ዓቢይ ትዝ አለኝ። ሲደውልልኝ ከኋላው ቡቺ ይጮኻል፣ የቤታችን ውሻ። ከቤት ነው የሚደውለው። ለእሱ የሚሠራ ኔትወርክ እዚያው ቤት ለእማዬ እንዴት እምቢ ይላል?» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «የቀረውን እያለቀስኩ ነው የሠራሁት። ፈታኟ ከብዷት ነው ብላ ውኃ አመጣችልኝ።»

«ሮሃ…»

«ሙንዮንዮ ስጨፍር ታውቅ ነበር?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የዮፍታሔ እውነት ግን ንጋት አልጠበቀችም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ቦዳ ሞተሮች በሚጯጯሁበት መንገድ ዳር ደረሰችበት።

«አውቅ ነበር።»

«አጨበጨብክልኝ እኮ።»

«እትዬ አስካለማርያም ነገ…» ብሎ ጀምሮ ተወው።

«ነገን አልጠብቅም። እስካሁን አንድ ሰው እናትሽ ሞታለች አላለኝም፤ በኮምፒውተር ነው የሰማሁት። አንተ ነህ ያስተማርከኝ፣ አንተ አርዳኝ።» ነጠላ አልያዘችምና ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረች። «ከስር ጀምር።»

ዮፍታሔ ሮሌክሱን አጥሩ ላይ አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ወፍጮ ቤት ደርሳ ስትመለስ ነው» አላት።