አማቱን ጭኖ፣ ጎማው ተንፍሶ

ፀጉር አስተካካዩ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያርፈው። ያቺንም ቀን ሚስቱ ወሰደችበት። "እናቴን አምጣልኝ። እኔ ተረኛ ነኝ፤ ካንተ ሌላ ማንን እልካለሁ?" አለችው። እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አልነበረውም። ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ሲላጭና ሲከረክም የከረመ እግሩ ድንጋይ ሆኖበት፣ በማለዳ አሮጌ መኪናውን አስነሳና አማቱ ወደሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ነዳ።

አማቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ ወድቀው ክንዳቸው ሲሰበር ግን ልጃቸው "ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም" ብላ ቆረጠች። አንቺስ ምን ትያለሽ ያላቸው የለም። ፀጉር አስተካካዩ ሲደርስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው በራፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሰላምታ በቀር አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ዕቃው መጫን ሲጀምር ነው አፋቸው የተፈታው።

"የስፌት መኪናዬን በጎኗ አታስተኛት።"

"እሺ፣ እማማ።"

"ድስቶቹ እንዳይፋጩ መሃላቸው ጨርቅ አድርግ።"

"እሺ።"

ፍራሹን ጣራው ላይ አስሮ፣ የቀረውን ከኋላ አጭቆ ሲነሱ ፀሐይዋ ከረር ብላ ነበር።

ብዙም ሳይርቁ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን መጎተት ጀመረች። ዳር አውጥቶ ወርዶ ሲያይ የኋላው ግራ ጎማ ተኝቷል።

"ምን ሆነ?" አሉ አማቱ በመስኮቱ።

"ጎማ ነው፣ ተንፍሷል።"

"መለዋወጫ የለህም?"

"አለ" አለና ወደ ኋላ ዞሮ አየ። መለዋወጫው ያለው ከዚያ ሁሉ ጓዝ ሥር ነው።

ጠዋት የጫነውን አንድ በአንድ አወረደ። የሴትዮዋ ኑሮ በሙሉ አስፋልት ዳር ተዘረጋ፤ ሳፋው፣ ድስቶቹ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ የታጨቀበት ማዳበሪያ፣ የስፌት መኪናዋ። በአጠገባቸው ያለፈ አውቶብስ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዕቃ የሚሸጥ መስሏቸው አንገታቸውን አሰገጉ። አማቱ ከዕቃው መሃል የገዛ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና መንገዱን ያዩ ጀመር።

መለዋወጫውን እንደምንም ጎትቶ አወጣው። መሬት ላይ ሲለቀው አልነጠረም፤ እንደ እርጥብ ጆንያ ዘፍ አለ። ያኔ ነው ትዝ ያለው። ባለፈው ተበስቶበት ሲቀይረው "ነገ ጎሚስታ ጋ እወስደዋለሁ" ብሎ ነበር የወረወረው። ያ ነገ እስካሁን አልነጋም።

ጎማው ላይ ቁጭ አለ።

"ይሄም ተንፍሷል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲህ..." አሉና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ተነሳና የተበሳውን ጎማ በእጁ ዳበሰው። የጎማው ጥርስ መሃል አንድ ብሎን ተሰክቷል። በፒንሳ ሊነቅለው ሲያጎነብስ አማቱ ከወንበራቸው እጃቸውን አነሱ።

"ተወው እንጂ! እሱ ከወጣ ያለችውም አየር ትሄዳለች። ውታፍ ሆኖልህ የለ?"

ልክ ነበሩ። የእግር መንፊያውን ፈልጎ አገኘና ይረግጥ ጀመር። ጎማው ቀስ በቀስ ቀና አለ፤ በብሎኑ ዙሪያ ግን አየሩ ስስ ፉጨት ያሰማል። አማቱ ከሳፋው ውስጥ የልብስ ሳሙና አውጥተው ሰጡት። ቁራሹን በጣቱ አለስልሶ በብሎኑ ዙሪያ ጠቀጠቀው። ፉጨቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

"ቤት አያደርሰንም" አለ፣ "ግን ጎሚስታ እስክናገኝ ሊይዝልን ይችላል።"

ዕቃውን እንደገና ጫነ። በዝግታ ነዳ፤ ጎማው ሲላላ ቆሞ ነፋ፤ ደግሞ ነዳ፤ ደግሞ ቆመ። ያገኙት የመጀመሪያው ጎሚስታ ዝግ ነው። በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ተንጠልጥሏል፤ ሰው የለም። እሱም የሚያርፈው ዛሬ ነው ማለት ነው። ፀጉር አስተካካዩ አልፈረደበትም።

ጥቂት ሄደው ደግሞ ሲቆሙ፣ መንፊያውን ገና መርገጥ ሲጀምር ባቱ ተኮማትሮ እንደ ቋጠሮ ሆነበት። መኪናዋን ተደግፎ ጥርሱን ነከሰ። አማቱ በሩን ከፍተው ወረዱ።

"ዞር በል።"

"ኧረ እማማ፣ ነውር ነው። ያየ ሰው ምን ይለኛል?"

"የትኛው ሰው? የተሰበረው ክንዴ ነው፤ እግሬ ደህና ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ስረግጥ የኖርኩ ሴት ነኝ።"

በደህናው እጃቸው መኪናዋን ተደግፈው መርገጥ ጀመሩ። አልቸኮሉም፤ አላቋረጡም። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ባቱን ያሻል።

"ለልጄ ያልካትን ሰምቻለሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንፊያው ሳያነሱ።

"ምን አልኳት?"

"ቤታችን ጠባብ ነው፣ የት እናስተኛቸዋለን ያልከውን። እሷ ስልኩን ሳትዘጋው ነበር ያወራችሁት።"

ፊቱ ጋለ።

"ብያለሁ" አለ። "ቤቱም ጠባብ ነው።"

"ነው። አይቼዋለሁ።" እግራቸው አልቆመም። "እኔም መምጣት አልፈለግኩም። ለሷ አልነገርኳትም፤ ታለቅሳለች።"

"እና ምን ይሻላል?"

"ምን ይሻላል! አንተም ደክሞሃል፣ እኔም ደክሞኛል። ነፋ ብሏል፣ እንሂድ።"

ፀጉር አስተካካዩ ሳያስበው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን መኪናው ውስጥ ሲገቡ ቦርሳቸውን ከደረታቸው አውርደው እግራቸው ሥር አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ተራ ያዙ። ክፍት ጎሚስታ ሳያገኙ፣ አንዴ እሱ ሲነፋ፣ አንዴ እሳቸው ሲነፉ መንገዱ አለቀ። መሃል ላይ አማቱ፣ ሳሎኑን በመጋረጃ እከፍለዋለሁ፣ ጨርቁ አለኝ አሉ። እሱም የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር ብናደርጋት ብርሃን ታገኛለች አለ። ሶፋውስ አሉት። ሶፋው ይሽሽ አለ።

ፀሐይ ስትገባ ግቢው በር ላይ ሞተሩን አጠፋ። "ደረስን፣ እማማ" ብሎ ሲዞር ጭንቅላታቸው መስኮቱን ተደግፎ፣ አፋቸው ገርበብ ብሎ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በመስተዋቱ የተቆለለውን ዕቃ አየ። ያ ሁሉ ደግሞ ሊወርድ ነው።

ሚስቱ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጣች።

"ስልክህን ለምን አታነሳም? ምን ሆናችሁ?"

"ጎማ" አለ።

"እማዬ ደህና ናት?"

"ተኝተዋል። ትንሽ ተያቸው።"

"አንተስ? አትገባም?"

"እመጣለሁ" አለ፤ ግን አልተነሳም። ሚስቱ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እሱን አየች። የኋላውን በር በቀስታ ከፍታ ሳፋውን አወረደች። እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።