የቁርስ ቀኖና

የሺዓለም የወደቀችው በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ነው። ለብቻዋ ወድቃ ቢሆን ባልከፋ። በሁለት እጇ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛ ነበርና የልጇ የፈቀደ ሽሮ ፍትፍትም፣ የጎረቤቷ ባል የአብዱልሰላም ምስር ወጥም አስፋልቱ ላይ ተደፋ። ስንቅ ሊያቀብሉ የተሰለፉት ሴቶች ደግፈው አነሷት፣ ፊቷ ላይ ውሃ ረጩባት። ዓይኗን ስትገልጥ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፍትፍቱ ተረፈ?»

አልተረፈም። በዚያን ቀን ሁለት እስረኞች ጦማቸውን ዋሉ።

ፈቀደና አብዱልሰላም በአንድ አፈሳ ከተወሰዱ ሰባት ወራቸው ነው። ደርግ አስሮ የሚያበላበት እጅ አልነበረውም፤ እስረኛ የሚያድረው ቤተሰቡ ባመጣለት ነው። የአብዱልሰላም ሚስት መይሙና ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ስለሆነ፣ የሺዓለም ማንም ሳይለምናት «አራስ ሆነሽ የት ትሄጃለሽ!» ብላ የእሷንም ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ትወርዳለች። ተመልሳ ደግሞ ለፒያሳ ልብስ ሰፊዎች የቁልፍ ቀዳዳ ስትጠልፍ ትውላለች። ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትገኝ እሷ፣ የታመመ የምታስታምም እሷ። ሰፈሩ «እንደ የሺ ያለ ሰው የለም» እያለ ያመሰግናታል። ምስጋና ደግሞ ርካሽ ነው፤ «አንቺስ ምን በላሽ?» ያላት ጎረቤት አልነበረም። ሐኪም ደም አንሷታል ካለም ቆይቷል።

በማግስቱ ጊዮርጊስ ሄዳ ከቅጥሩ ጥግ የነፍስ አባቷን መምሬ ወልደሥላሴን አገኘቻቸውና እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባቴ ይፍቱኝ፤ ትናንት ራሴን ስቼ የእስረኛ እህል ደፋሁ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ቀምሰሽ ነበር?»

«ጾም አይደል እንዴ አባቴ።»

«ሁዳዴ መግባቱን እኔም ሰምቻለሁ። በወደቅሽበት ዋዜማ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምን በላሽ ነው የምልሽ።»

የነፍስ አባት አይዋሽም። «ቆሎ» አለች ቀስ ብላ።

«ፍትፍቱስ?»

«እሱማ የልጁ ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን በጣታቸው አሻሹ። «በይ ቀኖና ልስጥሽ» ሲሏት ቀለል አላት። ስግደት ታውቅበታለች፤ አርባም ቢሏት ስልሳ ትሰግድ ነበር።

«እስከ ፋሲካ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳትወጪ ቁጭ ብለሽ ቁርስ ትበያለሽ። የጾም ምግብ ይሁን፤ ግን ጥግብ ብለሽ። ከዚያች ቁርስ ላይ ለልጅ የለ፣ ለጎረቤት የለ፣ ለነዳያን የለ።»

የሺዓለም ቀና ብላ አየቻቸው። አርጅተው ተሳስተው እንደሆነ ብላ ጠረጠረች፣ እግዜር ይቅር ይበላትና።

«በሁዳዴ? በጠዋት? ኧረ አባቴ ስግደት ይስጡኝ!»

«ስግደት ላንቺ ዕረፍትሽ ነው። ቀኖና የሚከብድ ነገር ነው። ስሚኝማ ልጄ፤ ጌታ ባልንጀራሽን እንደ ራስሽ ውደጂ አለ። አንቺ ራስሽን በረሃብ እየገደልሽ እንደ ራስሽ ከወደድሻቸው፣ ለእነዚያ ልጆች ወዮላቸው! ለታመመ ሰው ጾም የምፈታ እኔ ነኝ፤ ኃጢአት ካለውም በእኔ ይሁን። ሂጂ።»

ሐሙስ ጠዋት በሩን ቀረቀረች፤ መጋረጃውን ጋረደች። ዳቦና ስልጆ አቅርባ ቁጭ አለች። ሃምሳ ዓመት ኖራ ከአንድም ሰው ሰርቃ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን በገዛ ቤቷ ሌባ ሆነች። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳትውጥ በሩ ተንኳኳ። ሳህኑን አልጋ ሥር ወርውራ ከፈተች። መይሙና ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች።

«እትዬ የሺ፣ አገጭዎ ላይ ስልጆ አለ።»

የሺዓለም እያፈረች የሆነውን ነገረቻት። መይሙና ግን ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ባሏ ከታሰረባት ወዲህ ታይታ አታውቅም። «እኛም ዘንድ የታመመ አይጾምም እኮ። እኔ ራሴ እርጉዝ ሆኜ ረመዳንን በልቼው የለም? ይልቅ ሳህኑን ያውጡት፣ ድመት ሳይቀድምዎ።»

ለአሥር ቀን ያህል በደንብ በላች። ፊቷ መለስ አለ፤ ቸርችልን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ማረፍ ተወች። ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ከእስር የተፈታ አንድ ሰው መጥቶ፣ ፈቀደ ጠያቂ ከሌላቸው አንድ የገጠር ሽማግሌ ጋር ምሳ ዕቃውን እንደሚካፈል አወራላት። በልጇ መልካምነት ኮራች፤ ወዲያውም ፍትፍቱ ለሁለት እንደማይበቃ አሰበች። በማግስቱ የቁርሷን ግማሽ ምሳ ዕቃው ውስጥ ጨመረችው። በሳምንቱ ሁሉንም። ለቀኖናው ብላ አንዲት ጉርሻ ቁጭ ብላ ትጎርስና «ይኸው በልቻለሁ» ትላለች። ለማን እንደምትናገር እሷም አታውቅም።

መይሙና የጎረቤቷ ከንፈር እንደገና ሲነጣ አየች። አርባ ቀኗ እንደሞላ እሑድ፣ ዘመድ መግባት ክልክል ቢሆንም ሕፃኗን ለአባቷ ለማሳየት ብቻ ተፈቅዶላት፣ ልጅቷን አዝላ ወህኒ ቤት ሄደች። አብዱልሰላም ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ በሽቦ አጥር ማዶ አያት። አልቅሰው ሲያበቁ መይሙና ሌላ ወሬ፣ የየሺዓለምን የቁርስ ነገር፣ ነገረችው፤ እሱም ለፈቀደ አደረሰው።

ሰኞ ጠዋት የሺዓለም ስንቁን አስገብታ እንደ ወትሮዋ ቆመች። በእነዚህ ሁሉ ወራት የየዕለቱ የልጇ ወሬ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታጥቦ፣ ቀሎ የሚመለስ ባዶ ምሳ ዕቃ። ባዶ ከሆነ በልቷል፣ ከበላ አለ። ምግብ ያለበት ከተመለሰ ግን ምን ማለት እንደሆነ ሰልፈኛው ሁሉ ያውቃል። ከተመለሰላቸው ሴቶች አንዷም ዳግመኛ ተሰልፋ አልታየችም።

«ፈቀደ አባይነህ!» ብሎ ዘቡ ተጣራ።

ምሳ ዕቃውን ተቀበለችው። ይከብዳል። ቀለል ብሎ መንቀጭቀጭ ሲገባው ውስጡ አንድ ነገር ዱብ ዱብ አለ።

«ልጄን ምን አደረጋችሁት?»

«እኔ ምን አውቄ እናቴ» አለ ዘቡ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። «ክፈቺው።»

ከፈተችው። በንጹሕ ታጥቧል። መሃሉ ላይ አንድ ጉርሻ ተቀምጣለች፤ ራሷ የሠራችው ሽሮ፣ በራሷ እንጀራ ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ፣ ጡጫ የሚያክል። ፈቀደ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉርሻ መመጠን አያውቅም። በፋሲካ ጠዋት እንዲህ ያለውን ጠቅልሎ እናቱ አፍ ላይ ይደቅንና እስክትውጥ ድረስ ከፊቷ አይነሳም ነበር።

አለ። ልጇ አለ፣ ተቆጥቷታልም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

በሩ አጠገብ ዓይነ ስውር ለማኝ ተቀምጧል። የልማድ ነገር ሆኖ እጇ ጉርሻውን ይዞ ወደዚያ ተዘረጋ። ግን ለማኙ ዘንድ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ጉርሻ ለሌላ አይተላለፍም፤ የተጎረሰ ሰው ይውጠዋል እንጂ። መምሬም ብለዋል፣ ልጇም ብሏል፤ ከሁለቱ ጋር ተጣልታ ደግሞ ከማን ጋር ልትታረቅ ነው?

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አማትባ ጎረሰችው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በሁዳዴ፣ በሰልፈኛው ሁሉ ፊት።

«ውይ በስማም! በጾም?» አለች አንዷ።

«ቀኖናዬ ነው» አለች የሺዓለም አፏ ሞልቶ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መይሙናም ስንቁን በየሁለት ቀኑ በተራዋ ታደርሳለች። ለሽማግሌውም አንድ አንድ እንጀራ ከሁለቱም ቤት ይጨመራል፤ ይህ በሁለት ራስ ሲታሰብ እንዴት ቀላል ነበር!

የሺዓለም ተራዋ በደረሰበት ረቡዕ ጠዋት በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ቁርሷን ጨርሳ በላችና ወረደች። ምሳ ዕቃው ሲመለስ አሁንም ከበዳት። በዚህ ጊዜ አልደነገጠችም። ስትከፍተው ሁለት ጉርሻ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ነው ነገሩ፤ ልጇ ታርቋታል።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሁለቱንም ራሷ በላቻቸው።