ሠላሳኛው መፍቻ

ልብስ ሰፊው አውሮፕላን በድምፁ ይለያል። የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ውሎ ከጣሪያው በላይ የሆነ ነገር ካጉረመረመ እግሩን ያነሳና «ባለ ሁለት ሞተር ነው፤ የግራው ትንሽ ያስነጥሰዋል» ይላል። ደንበኛው የጠየቀው ሱሪው መቼ እንደሚደርስለት ነበር።

እንዲህ ሆኖም አርባ ዓመት እስኪሞላው አንድም አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ጡረታ ወጥቶ ከተማው አየር ማረፊያ ጥግ የቆመውን የጦር ጭነት አውሮፕላን ሁለት ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እንደሚወለውሉት ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ «ቁርጥራጭ ጨርቅ ከእኔ አይጠፋም» ብሎ ተጠጋቸው። ይኸው ሁለት ዓመቱ። ክንፍ ወልውሏል፣ ጎማ አጥቧል፤ ቅጥነቱን አይተው «መርፌ» የሚል ስምም አውጥተውለታል። ውስጡን ግን አላሳዩትም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአውሮፕላኑ መካኒክ ነበር። ሌላው የሬዲዮ ሠራተኛው ነው፤ ዛሬም «ሬዲዮ» ይሉታል። የመካኒኩ ሚስት ወንድም ነው። ይሁን እንጂ አማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ሁለት ክንድ ያህል ተራርቀው ቆመው እንኳ የሚነጋገሩት በልብስ ሰፊው በኩል ነው።

«መርፌ፣ ለዚያ ሰውዬ ውሃ አታባክን በለው» ይላል መካኒኩ።

«ጋሼ፣ ውሃውን…»

«ሰምቻለሁ። ቧንቧው የአባቱ ነው ወይ በለው።»

ያጣላቸው መፍቻ ነው። መካኒኩ የድሮ የዕቃ ሳጥኑን ዛሬም አይለየውም፤ ሠላሳ መፍቻ፣ ለእያንዳንዱም በልኩ የተቆረጠ ቦታ አለው። ሥራ ሲያልቅ አንዱ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው ይቀበላል። ሠላሳ ካልሞላ አውሮፕላኑ አይነሳም፤ የተረሳ መፍቻ አየር ላይ የት ተወሽቆ ምን እንደሚበጥስ አይታወቅማ። አንድ ቀን ታዲያ ሲቆጠር ሃያ ዘጠኝ ሆነ። አስራ ሦስት ቁጥር የለም።

«ጠዋት የተዋሰኝ እሱ ነው» አለ መካኒኩ።

«ወዲያው መልሻለሁ» አለ ሬዲዮ።

ሞተሩ ተፈታ፣ ክንፉ ተፈታ፣ ሆዱ ተበረበረ፤ በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆረጡ። ሬዲዮ ከበረራ ተነስቶ መሬት ላይ ጠረጴዛ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ የዚህን አውሮፕላን መሰላል ረግጦ አያውቅም። ከታች ያጥባል እንጂ አይወጣም።

መፍቻውስ የት ገባ? ልብስ ሰፊው ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ስንት ኪስ ገልብጦ ሰፍቷል።

በመጨረሻ አውሮፕላኑ ለአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ተሰጠ፤ ሰኞ ተፈታትቶ ይጫናል። የአብራሪው መቀመጫ ሽፋን ተበጫጭቆ ስለነበር አዲስ ይሰፋለት ተባለ። በሩ ለልብስ ሰፊው የተከፈተለት ያን ቅዳሜ ነው።

ውስጡ አሮጌ ዘይትና ቆዳ ይሸታል። ሰዓቶቹን፣ መዘውሩን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና እንደ ሌባ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሜትሩን ዘረጋ። ጀርባውን ለመለካት መቀመጫውን ወደ ኋላ ቢገፋው ወይ ፍንክች! በሆዱ ተኛና በስልኩ አበራ። መቀመጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተሸጉጧል። እየነቀነቀ አወጣው። ብረት ነው። አስራ ሦስት ቁጥር።

ልብስ ሰፊ ነውና ከብረቱ ይልቅ ጨርቁን አየ። መሐረብ ነው፤ ጠርዙ በሰማያዊ ክር ተቀምቅሟል፣ በየሦስት ስፌቱ አንዱ ይደረባል። ይህን እጅ ያውቀዋል። መካኒኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ላቡን የሚጠርግበት፣ ሚስቱ የምትቀመቅምለት ዓይነት መሐረብ ነው።

ጨርቁን ኪሴ ልክተተውና መፍቻውን ብቻ ላሳይ ይሆን? እጁ እስከ ኪሱ ደረሰ። በመስኮቱ ሲያይ ሬዲዮ ጎንበስ ብሎ ጎማ ያጥባል። እንዳለ ይዞት ወረደ።

መካኒኩ መሐረቡን ሲያይ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ዘጭ አለ።

«አብራሪው… ስንነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ እየሸሸ አስቸገረኝ ብሎኝ ነበር። ለጊዜው ብዬ ሸጎጥኩበት፤ ሐዲዱን እንዳይፍቀው በመሐረቤ ጠቅልዬ። ከዚያ ለሞተሩ ተጠራሁ፤ በዚያው ረሳሁት። ወንበሩም አልሸሸም። ያልሸሸ ወንበር ማን ያያል?»

ቀና አለና ሃያ ሁለት ዓመት ያላየውን ፊት አየ። «አንተ… እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ሬዲዮ ጎማ የሚያጥብበትን ጨርቅ ጨመቀው፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ጨመቀው።

«መርፌ፣ ለዚያ ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማይ አልነበረኝም በለው።»

«ጋሼ…»

«ሰማሁ፣ ልጄ» አለ መካኒኩ።

መፍቻውን ወልውሎ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠው። ልክክ አለ። «ሠላሳ» አለ በቀጭን ድምፅ። የሚቀበለው አልነበረም።

ሬዲዮ እጁን ሱሪው ላይ አደራርቆ መጣ። ሳጥኑን አጎንብሶ ብዙ አየው።

«እንዲህ አይቆጠርም» አለ፣ በቀጥታ ለመካኒኩ። «ከአንድ ጀምር።»

«አንድ።»

«አንድ» ብሎ ተቀበለው ሬዲዮ፣ አንድ እግሩን የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ላይ አሳርፎ።